በዓል ሲመጣ የቤት እንስሳ ቢታመም

የበዓል ቀን ለሰው የዕረፍት ቀን ነው፤ በሽታ ግን የዕረፍት ቀን የለውም። እንዲያውም ነገሩን በጥንቃቄ ለሚመለከተው ሰው፣ በጉም ፍየሉም ዶሮውም ከሌላው ጊዜ ይልቅ በድንገት የሚታመሙት በበዓል ሰሞን ሆኖ ይገኛል። ችግሩ የሚከፋው ደግሞ በዚያው ሰሞን የእንስሳት ሐኪሙ ወደ ቤተሰቡ ስለሚሄድ፣ የመድኃኒት ቤቱ በር ስለሚዘጋና የቤቱም ሰው ወዲያና ወዲህ ስለሚል ነው። በዚህ ጽሑፍ ስለ ሐራና ስለ አካባቢዋ እያሰብን፣ ከበዓል በፊት ምን መሰናዳት እንደሚገባና በበዓሉ ዕለት ምን ማድረግ እንደሚቻል በአጭሩ እንገልጻለን።

ሐራ በሰሜን ወሎ ያለች የገበያ ከተማ ናት። ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሰሜን እንዲዘልቅ የታቀደው የባቡር መሥመር መጨረሻው በስሟ «ሐራ ገበያ» ተብሎ ስለ ተሰየመ፣ አገሩን ያላየ ሰው እንኳ ስሟን ሳይሰማ አልቀረም። በስተምዕራብ ደጋው፣ በስተምሥራቅ የአፋር ቆላ ስላለ፣ የደጋው በግና የቆላው ፍየል አንድ ገበያ ላይ ይገናኛሉ። ክርስቲያኑና ሙስሊሙም በአንድነት የሚኖርባት በመሆኗ በዓሉ ብዙ ነው፤ ገናና ጥምቀት፣ ፋሲካ፣ ዒድ አልፈጥርና አረፋ እየተከታተሉ ይመጣሉ። በዓል በመጣ ቁጥር በግ ይገዛል፣ ዶሮ ይገዛል፣ ከገበያ የመጣው እንስሳ ከቤቱ እንስሳ ጋር ያድራል። የነገሩ መነሻ እዚህ ላይ ነው።

ሦስት ቀንና አራት ሌሊት

አስቀድመን ጊዜውን እንቍጠር። ስቅለት ዓርብ ነው፤ መሥሪያ ቤት ዝግ ነው። ቅዳሜና እሑድም እንዲሁ። እንግዲህ ሐሙስ ማታ በሩ የተቈለፈ የእንስሳት ጤና ኬላ ሰኞ ጧት እስኪከፈት ድረስ ሦስት ሙሉ ቀንና አራት ሌሊት ያልፋል። አረፋም ከቅዳሜና እሑድ ጋር ሲገጥም ከዚህ ብዙም አይሻልም።

አሁን ደግሞ የበሽታውን ጊዜ እንቍጠር። ሆዱ የተነፋ በግ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ፈንግል የገባበት የዶሮ ቆጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ባዶውን ይቀራል። አባ ሰንጋ የያዘው በሬ ማታ ሲያመሰኳ ታይቶ ጧት ሞቶ ይገኛል። በሰዓት የሚቈጠር በሽታ በቀን ከሚቈጠር መዘጋት ጋር ሲገናኝ፣ የሚያድነው ነገር ከመዘጋቱ በፊት የተሰናዳው ነገር ብቻ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዋና ሐሳብ ይኸው ነው።

ለአንድ ገበሬ ቤተሰብ ሁለት በግና ስድስት ዶሮ ማለት እንደ ዋዛ የሚታይ ሀብት አይደለም። ለልጁ ደብተርና ልብስ የሚገዛው፣ በክፉ ቀንም እህል የሚሸመተው ከዚያ ነው። ይህን ጽሑፍ ከምናነብ ተማሪዎች መካከል በበግ ዋጋ ትምህርት ቤት የገባን ጥቂቶች አይደለንም።

በበዓል ሰሞን ሕመም ለምን ይበዛል?

ምክንያቱ አራት ነው። አንደኛው የገበያ መደባለቅ ነው። ከሁዳዴ ጾም በኋላ ዶሮ ፈላጊው ይበዛል፤ ከብዙ መንደር የመጡ ዶሮዎች በአንድ ቅርጫት ታስረው ይውላሉ። አንዷ ፈንግል ካለባት ሌሎቹን ትበክላለች፤ ያልተሸጠችውም ወደ መንደሯ በሽታውን ይዛ ትመለሳለች። በበግና በፍየል በኩልም ደስታ መሰል የሚባለው በሽታ የሚዛመተው በዚሁ መንገድ ነው። ትኵሳት፣ የዓይንና የአፍንጫ ፈሳሽ፣ የአፍ ቍስል፣ ሳልና ተቅማጥ ያስከትላል።

ሁለተኛው የመኖ መለዋወጥ ነው። ለበዓል ተብሎ የተገዛ በግ «ይወፍር» ተብሎ እህል፣ ዳቦ፣ ሊጥና አተላ በአንድ ጊዜ ይቀርብለታል። የበግ ሆድ ግን ሣር ለማብላላት የተሠራ ነው፤ ያልለመደውን እህል በብዛት ሲያገኝ በሆዱ ውስጥ አሲድ ይበዛል፣ ጋዝም ይሞላል።

ሦስተኛው የእረኛ መጥፋት ነው። እረኛው ልጅ ለበዓል ሲለቀቅ ከብቱ ያለጠባቂ ይውላል። በማሽላ አገር ይህ ትልቅ አደጋ አለው። ገና ከጉልበት በታች ያለ የማሽላ ቡቃያ፣ ከታጨደ በኋላ እንደገና ያቈጠቈጠ፣ ወይም ፀሐይ መትቶት የጠወለገ ማሽላ በውስጡ ሳያናይድ የተባለውን ኃይለኛ መርዝ ይይዛል። ይህን በብዛት የበላ ከብት በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሹ ያጥረዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ይወድቃል። በሚገባ የደረቀ አገዳ ግን መርዙ ስለሚቀንስ እንደ ወትሮው ይበላል።

አራተኛው አስቀድመን የተናገርነው የሐኪም መጥፋት ነው።

ክትባት የሚሠራው ለነገ እንጂ ለዛሬ አይደለም

ብዙ ሰው በሽታው በጎረቤት ሲሰማ «መርፌ ይወጋልኝ» ብሎ ይሮጣል። ክትባት ግን እንደ እሳት ማጥፊያ ውኃ አይደለም፤ የሚመስለው እሳት ሳይነሣ የሚቈፈርን ጕድጓድ ነው። ይህን የሚያስረዳ በዓለም የታወቀ አንድ ታሪክ አለ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1881 ፑዪ ለ ፎር በተባለ መንደር በሕዝብ ፊት ስለ አባ ሰንጋ ክትባት አንድ ፈተና አደረገ። 24 በጎችን በሜይ 5 ቀን ከተበ፤ በሜይ 17 ቀን ደገማቸው፤ ሌሎች 24 በጎችን ግን ሳይከትብ ተዋቸው። ከዚያ በኋላ በሜይ 31 ቀን ለሁሉም ሕይወት ያለውን የአባ ሰንጋ ተዋሲ ሰጣቸው። በጁን 2 ቀን ሕዝቡ ሲሰበሰብ ካልተከተቡት አብዛኞቹ ሞተው ተገኙ፤ የቀሩትም ዕለቱን ሞቱ። የተከተቡት ግን ቆመው ነበር።

ልብ ልንለው የሚገባው ቀኑን ነው። ከመጀመሪያው ክትባት እስከ ፈተናው ቀን ድረስ 26 ቀን አለፈ። የእንስሳው አካል ጋሻውን የሚሠራበት ጊዜ ያስፈልገዋልና። እንግዲህ ለፋሲካ ወይም ለአረፋ የሚታሰብ ክትባት በዋዜማው ሳይሆን ቢያንስ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በፊት መሰጠት አለበት። የሚከተበውም ጤነኛ እንስሳ ነው።

ለፈንግል፣ ለአባ ሰንጋ፣ ለአባ ጎርባ፣ ለደስታ መሰልና ለሌሎችም የሚሆን ክትባት በአገራችን ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1964 በደብረ ዘይት፣ በዛሬዋ ቢሾፍቱ፣ የተቋቋመው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም እስከ ዛሬ ድረስ ሥራውን ይሠራል። የደስታ መሰል ክትባት አንድ ጊዜ በትክክል ከተሰጠ ለዓመታት ይከላከላል፤ የፈንግሉ ግን መደጋገም አለበት።

ክትባት ምን ያህል ኃይል እንዳለው ከገዛ ታሪካችን የተሻለ ምስክር የለም። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ገደማ በነበረው ክፉ ቀን ደስታ የተባለው የከብት በሽታ የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ፣ በሬ ያጣው ገበሬ ማረስ ተስኖት ሕዝቡ በረኃብ አለቀ። ያ በሽታ ከብዙ ዓመት የክትባት ዘመቻ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ጨርሶ መጥፋቱ ታወጀ። አያቶቻችን የፈሩትን በሽታ እኛ በስም ብቻ እንድናውቀው ያደረገን አስቀድሞ መዘጋጀት ነው።

አንድ ችግር ግን አለ። የዶሮ ክትባት በአንድ ጠርሙስ ለብዙ ዶሮ የሚበቃ ሆኖ ስለሚመጣ፣ ጠርሙሱ ከተከፈተም በኋላ ስለማያቆይ፣ ባለሙያው ለአንዲት ሴት ስድስት ዶሮ ብሎ ሊከፍተው ይቸገራል። በወሎ ደግሞ ለዚህ የሚሆን ድርጅት አስቀድሞ አለን፤ ይኸውም ቅሬ ነው። ለቀብር የሚሰበሰበው ቅሬ ከበዓሉ ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ «የመንደራችን ዶሮ ሁሉ በአንድ ጧት ይከተብ» ብሎ ቢወስን ጠርሙሱ አይባክንም፣ ባለሙያውም አንድ ጊዜ መጥቶ ይሄዳል። አንድ ቤት ብቻውን ቢያስከትብ የጎረቤቱ ዶሮ መታመሟ ስለማይቀር፣ ነገሩ በአንድነት ሲሆን ይበልጥ ይጠቅማል።

ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት

በዚህ ሳምንት የሚሠራው ሥራ ገንዘብ ሳይሆን ማሰብን የሚጠይቅ ነው።

1ኛ፣ የቅርቡን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ስልክ በወረቀት ጽፎ በቤቱ ግድግዳ ላይ መለጠፍ፤ በበዓሉ ቀን የሚገኝ መሆኑንም ሄዶ መጠየቅ። እርሱ የማይገኝ ከሆነ በመርሳ ወይም በወልድያ ተረኛው ማን እንደሆነ ከርሱው ጠይቆ መያዝ። ከመኪና መንገድ ለራቀ ቤት ደግሞ ማን በሞተር እንደሚያደርስ መነጋገር።

2ኛ፣ አዲስ የተገዛ እንስሳ ከቤቱ እንስሳ ጋር አለመቀላቀል። ሊታረድ የተገዛው እስኪታረድ ድረስ ለብቻው ይታሰር፤ ሊረባ የተገዛው ቢያንስ ሁለት ሳምንት ተለይቶ ይቆይ።

3ኛ፣ በገበያ ሲገዙ መመርመር። ዓይኑ የጠራ፣ አፍንጫው ያልዘረበረበ፣ ጭራው ሥር በተቅማጥ ያልተበከለ፣ ከመንጋው ተለይቶ ያላቀረቀረ፣ የሚያመሰኳ መሆኑን መመልከት። ለአረፋ የሚታረደው እንስሳ ከሕመምና ከጕድለት የጸዳ መሆን እንዳለበት ሃይማኖቱ ስለሚያዝዝ፣ ሙስሊም ወንድሞቻችን ይህን ምርመራ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል።

4ኛ፣ በቅርብ መድኃኒት የተወጋን እንስሳ ለእርድ አለማቅረብ። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ ድረስ የሚጠበቀው ቀን በጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፤ ማንበብ የሚችል የቤቱ ልጅ ያንብበው። ያልተጻፈ እንደ ሆነ የወጋውን ባለሙያ መጠየቅ ነው።

5ኛ፣ አንድ ትንሽ ሣጥን ማሰናዳት። በውስጡ የትኵሳት መለኪያ፣ አንድ ጠርሙስ የምግብ ዘይት፣ ሳሙና፣ ንጹሕ ጨርቅ፣ የቍስል አዮዲን፣ ገመድ፣ ባትሪና የላስቲክ ጓንት ቢኖር ይበቃል። የጤነኛ በግ ሙቀት 39 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከ40 ካለፈ ለባለሙያው በስልክ ሊነገረው የሚገባ ቁም ነገር ነው። «አልበላ አለ» ከማለት «ከትናንት ማታ ጀምሮ አልበላም፣ አያመሰኳም፣ ሙቀቱ 41 ነው» ማለት ሐኪሙን እጅግ ይረዳዋል።

በበዓሉ ዕለት

የበጉ ግራ ጐን ከጐድን አጥንቱ በስተኋላ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ትንፋሽ አጥሮት፣ መሬት ቢመታ ሆዱ ተነፍቷል ማለት ነው። በመጀመሪያ ከሚበላው ነገር ማራቅ፤ ከተኛ ማስነሣት፤ የፊት እግሮቹ ከፍ ባለ ቦታ ላይ እንዲሆኑ አድርጎ ማቆም። ራሱ መዋጥ የሚችል ከሆነ ለበግ ወይም ለፍየል አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል፣ ለትልቅ ከብት ወደ ግማሽ ሊትር የሚጠጋ የምግብ ዘይት በአፉ ጐን ቀስ እያሉ ማጠጣት። ራሱን ወደ ላይ ማንጋጠጥ አይገባም፤ ዘይቱ ወደ ሳንባው ይገባልና። ከዚያም እያራመዱ ሐኪም መጥራት። በቢላዋ ሆዱን መውጋት ቦታውን ላላወቀ ሰው መግደል ስለሆነ ለባለሙያ የሚተው ሥራ ነው።

በማሽላ ቡቃያ የተመረዘ ከብት ሲገኝ ደግሞ ያልታመሙትን ወዲያው ከእርሻው ማውጣት፣ ባለሙያውንም ሳይዘገዩ መጥራት ነው። ይህ በመድኃኒት የሚድነው በደቂቃዎች ውስጥ ከተደረሰለት ብቻ ስለሆነ፣ ዋናው መድኃኒት በበዓል ቀን እረኛ በተራ መመደብ ነው።

ዶሮ አረንጓዴ ተቅማጥ ካሳየች፣ አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ አንገቷ ከተጠመዘዘ ፈንግል መጠርጠር አለበት። ፈንግል መድኃኒት የለውም። የታመመችውን ወደ ገበያ አውጥቶ መሸጥ የራስን ጉዳት ለጎረቤት ማካፈል ነው። የሞተችውን መቅበር ወይም ማቃጠል እንጂ ወደ ወንዝ መጣል ወይም ለውሻ መስጠት አይገባም።

ከሁሉ የከፋው

አንድ በሬ ወይም በግ ያለ ምክንያት በድንገት ሲሞት፣ ከአፉ፣ ከአፍንጫው ወይም ከኋላው ጥቁር የማይረጋ ደም ሲፈስ፣ ሬሳውም ቶሎ ሲነፋና ሳይደርቅ ሲቀር አባ ሰንጋ ነው ብሎ መጠርጠር ያስፈልጋል። በበዓል ሰሞን ፈተናው ከባድ ነው። ሥጋ ሁሉ የሚፈለግበት ቀን ነውና «ነፍሱ ሳትወጣ እንባርከው» የሚል ሰው አይጠፋም። እዚህ ላይ ግን የሚጠፋው የበሬው ዋጋ ብቻ አይደለም፤ የሰው ሕይወት ነው።

የአባ ሰንጋ ተዋሲ አየር ሲያገኝ እንደ ዘር ጠንካራ ቅርፊት ለብሶ ለብዙ አሥር ዓመታት በአፈር ውስጥ ይኖራል፤ ተራ ማፍላትም በቀላሉ አያጠፋውም። ስለዚህ ሬሳው አይታረድ፣ አይገፈፍ፣ አይከፈት። በሞተበት አጠገብ ሁለት ሜትር ያህል ጥልቅ ጕድጓድ ተቈፍሮ፣ ኖራ ቢገኝ ተነስንሶበት ይቀበር፤ ቦታውም በእሾህ ይታጠር። ሥጋውን የነካ ወይም የበላ ሰው ካለ፣ ምንም ሳይሰማው እንኳ ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይናገር። መሐሉ ጥቁር የሆነ፣ ብዙ የማያም ቍስል በእጁ ላይ የወጣበት ሰው ቶሎ ከታከመ ይድናል። የሰው ጤና ጣቢያ በበዓልም ተረኛ አለው።

የውሻም ነገር እንዲሁ ነው። በእርድ ቀን ደምና አንጀት ፍለጋ ውሾች ይሰበሰባሉ፣ ይናከሳሉም። ውሻ የነከሰው ሰው ቍስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ፣ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ አለበት። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት ስለሌለ «በዓሉ ይለፍና» ማለት ከቶ አይገባም። ውሻውን አስቀድሞ ማስከተብ፣ የእርዱንም ተረፍ መቅበር ሁለቱንም አደጋ ይቀንሳል።

ስለ ጥንቸልም ጥቂት

በከተማ በግቢያቸው ጥንቸል የሚያሳድጉ ሰዎች ስላሉ ለእነርሱም አንድ ቃል እንጨምር። ጥንቸል በአውሬ የምትታደን ፍጥረት ስለሆነች ሕመሟን ትደብቃለች። ግማሽ ቀን ሙሉ ያልበላች ወይም በጠጥ ያልጣለች ጥንቸል አንጀቷ ሥራ አቁሟልና ነገ የሚባልላት አይደለችም። የሰው አሞክሲሲሊን በአፏ መስጠት በአንጀቷ ያሉትን ጠቃሚ ተዋስያን አጥፍቶ ሊገድላት ይችላል። ዳቦና ጣፋጭ የበዓል ምግብ አይሰጣት፤ ምግቧ ሣርና ድርቆሽ ነው። በሐራ ዓይነት ሙቀት ደግሞ ጥላና ንጹሕ ውኃ ከሌላት በአንድ ቀትር ትሞታለች። ቤተሰቡ ለበዓል ወደ ዘመድ የሚሄድ ከሆነ፣ በቀን ሁለት ጊዜ የሚያያትንና መብላቷን የሚያውቅን ጎረቤት መተው ያስፈልጋል።

የእኛ ድርሻ

ከዩኒቨርሲቲ ወደ አገሩ የሚገባ ተማሪ ሽማግሌዎችን ስለ ከብት ሊያስተምር አይችልም። አባ ጎርባን ከጉሮርሳ፣ ፈንግልን ከሌላ የዶሮ ሕመም የሚለዩት እነርሱ ናቸው፤ የበሽታው ስም ሁሉ የወጣው ከእነርሱ አፍ ነው። ተማሪው የሚችለው ሌላ ነገር ነው። በጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ያነባል። ስልኩን በወረቀት ጽፎ ይለጥፋል። ወደ መርሳ ደውሎ በበዓሉ ቀን ተረኛው ማን እንደሆነ ያጣራል። በቅሬው ስብሰባ ላይ ፈቃድ ጠይቆ ስለ ዶሮ ክትባት ሁለት ቃል ይናገራል። ሽማግሌው «ነፍሱ ሳትወጣ እንባርከው» ሲሉ ደግሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አባባ፣ እርስዎ የሚያውቁት ነው፤ ይህ አባ ሰንጋ ይመስላል፤ ልጆቹን እንዳያስጨርስብን እንቅበረው» ለማለት ድፍረት ይኖረዋል።

ይህ ሁሉ ከአንድ የተማሪ ቦርሳ የሚከብድ ሸክም አይደለም። ብዙው ግን በበዓሉ ዕለት ሳይሆን ከሦስት ሳምንት በፊት በሚደረግ አንድ የስልክ ጥሪ ይጀመራል። ስለዚህ ወደ ቤታችን ስንደውል ስለ እናት ጤና፣ ስለ አባት ጤና፣ ስለ እህልና ስለ ዝናም ከጠየቅን በኋላ «ዶሮዎቹ ተከተቡ ወይ?» ብለን እንጨምር።